በመዝሙር ሽፋን ውስጥ የነበረው ጊታር

ጓደኞቼ የሚወዷቸው ዘፋኞች ሁሉ ወጣቶች ነበሩ። ጸጉራቸውን ጄል ይቀባሉ፤ መኪና ላይ ተደግፈው ክሊፕ ይሠራሉ፤ «ትናንት ቦሌ ታየ» ተብሎ ይወራላቸዋል። እኔ የምወደው ግን ሮክ የሚጫወት፣ እኔ ስወለድ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ይህ ነገር ከአፌ አምልጦኝ ሲወጣ ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ «እንዴ! አያትሽን ነው ያፈቀርሽው?» ብላ ባዮሎጂ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ትሳቅ! የእሱን ጊታር ሰምታ ቢሆን ኖሮ ደብተሯን የለበደችባቸውን ጄላሞች ሁሉ በጥፍሯ ትልጣቸው ነበር።

ጥፋቱ የአባቴ ነው።

አባቴና እናቴ ጌታን የተቀበሉት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። በዚያን ጊዜ እንደ ደንቡ ወንድሞች ቤት ድረስ መጥተው ይጸልዩና ቤቱ ከዓለም ዕቃ ይጸዳል። አባቴ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ካሴት አወጣ፤ ሲግናል ከነበረው የኪራይ ቤታቸው ጓሮ ቆልሎ ክብሪቱን ራሱ ጫረ። የፕላስቲኩ ሽታ ለሳምንት ከመጋረጃው አልለቅ ብሎ ነበር ትላለች እናቴ። ወንድሞች «ሃሌ ሉያ» ሲሉ አባቴም «ሃሌ ሉያ» ብሏል፤ ከልቡም ነው ያለው፤ አባቴ አስመሳይ አይደለም። አንዲት ካሴት ብቻ ካልሲው ውስጥ ነበረች።

ያቺን ካሴት የአንድ መዘምራን ቡድን ቁጥር ሁለት ካሴት ሽፋን ውስጥ ከተታት። የመዝሙሩን ወረቀትም ልጦ ላይዋ ላይ ለጠፈባት። እናቴ መዝሙሩን ብትፈልግስ? እሱንም አስቦበታል፤ ሌላ ቁጥር ሁለት ገዝቶ አጠገቧ አቆመው። እናም መደርደሪያችን ላይ ሁለት ቁጥር ሁለቶች እንደ መንታ ተጠጋግተው ኖሩ። አንደኛው ያመሰግናል፣ ሌላኛው ይጮኻል። የሚለያቸው የጊታሩ ሽፋን ጥጉ ላይ ስንጥቅ ያለበት መሆኑ ብቻ ነው፤ አውራ ጣት ሲያርፍበት ቆረጥ ያደርጋል።

ምስጢሩን የደረስኩበት አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ እናቴ የእህቶች ጸሎት ትሄዳለች፤ አባቴ ደግሞ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቶ የቤተሰቡን ጫማ ሁሉ ይጠርጋል። ያን ቀን የኳየር ልምምድ ቶሎ አልቆ ስመጣ ከቤታችን ውስጥ ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ ይወጣል። መጀመሪያ አንድ ሰው በኪሱ ቁልፍ እንደሚፈልግ ቀስ ይላል፤ ከዚያ ከእንጦጦ ፍሬኑ ተበጥሶ እንደሚወርድ የጭነት መኪና ይለቀዋል! በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«መዝሙር» አለ፣ ብሩሹን እንደያዘ።

«የት ቤተ ክርስቲያን ነው እንዲህ የሚዘመረው? እኔም እዚያ ልሂድ!»

ሳቁን ሊይዘው ሞከረ፤ አልቻለም። «ነይ ተቀመጪ» አለኝ። «ለእናትሽ ግን...»

«አልናገርም።»

ካሴቷን የቀዳት ራሱ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ላይ እሑድ ከሰዓት እየተሾለከ የሚገባበት፣ ያ የምወደው ጊታሪስት ከነባንዱ የሚጫወትበት አዳራሽ ነበር፤ የሰው ቴፕ ተውሶ ጠረጴዛ ሥር ደብቆ ቀዳ። አብዛኛዎቹ ዘፈኖች ኋላ ሸክላም ካሴትም የወጣላቸው ናቸው። የመጨረሻው ግን አልወጣም። ቃል የለውም፣ ስም የለውም፤ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ጊታሩ ብቻውን ይሄዳል። መሃል ላይ አንድ ጎረምሳ «ኧረ በናትህ ድገመው!» ብሎ ይጮኻል። ጎረምሳው አባቴ ነው። እኔ እንዲህ የሚጮኽ አባት አላውቅም። የማውቀው አባት መሥሪያ ቤቱ በክራባት የሚሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲዘመር ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። ያንን ጎረምሳ ማግኘት የምችለው እዚያች ካሴት ላይ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜዎች የእኔም ሆኑ። አባቴ ይጠርጋል፣ እኔ የጫማዎቹን ክር አስገባለሁ፣ እሱ ስለ ጊታሪስቱ ያወራልኛል፤ አፍሮው የበሩን ጉበን እንደሚነካ፣ ታኮ ጫማው፣ ጊታሩን በጀርባው አዙሮ ሲመታ ሴቶቹ እንዴት እንደሚጮኹ። ደርሼ ባየሁት እያልኩ አንጀቴ ይበላኝ ነበር። ሰው ያልነበረበት ዘመን ናፍቆት እንዴት ይይዘዋል? ይይዘዋል! ለእኔ ያ ሰው ሁልጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሁልጊዜም እሑድ ከሰዓት ነው።

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ የኳየር መሪያችን አልቶዎች ድምፃችንን እየሰማን ቤት እንድንለማመድ የማትፈልጉትን ካሴት አምጡ አለን። እናቴን ስጠይቃት «ያን ቁጥር ሁለት ውሰጂው፣ አርጅቷል» አለች። እሑድ ጠዋት መብራት ሄዷል፤ መስኮቱ አልተከፈተም፤ ውጭ ጓደኛዬ «ታክሲው ሞላ! ነይ እንጂ!» እያለች ትጣራለች። አውራ ጣቴን ጥጉ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላሳረፍኩም።

ካሴቷ እንዳይቀዳባት አባቴ ጀርባዋ ላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ሰብሯቸው ነበር። መሪያችን ወረቀት አኝኮ ቀዳዳዎቹን ደፈነና ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነ። እኔም ከፊት ቆሜ ዘመርኩ፤ ያን ቀን ድምፄ አምሮልኝ ነበር። ማታ ካሴቷን ሳልሰማት መልሼ መደርደሪያው ላይ አቆምኳት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ጫማዎቹን ደረደረ፣ ቴፑን ከፈተ፣ የመጨረሻውን ዘፈን ፈልጎ አቆመና ተጫነ። ሳል መጣ። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ የኳየር መሪያችን። ከዚያ እኛ። ከሁሉም በላይ እኔ።

አባቴ ቴፑን አላጠፋም። ጫማ በአንድ እጁ፣ ብሩሽ በሌላው እንደያዘ ልምምዳችንን እስከ መጨረሻው ሰማ። ካሴቷን ገለበጠ፤ በዚያኛውም በኩል እኛው ነን። ቀጭ ብሎ ሲቆም እኔ እያለቀስኩ ነበር።

«አልቶዎቹ ጥሩ ናችሁ» አለ። «ሶፕራኖዎቹ ይሮጣሉ።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ጫማውን በዝምታ ይጠርግ ጀመር። ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ እህል ውሃ ቅመሱ ይባላል። አባቴ ግን ያዘነበትን ነገር ለማንም ሊናገር አይችልም፤ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ተቃጥሏል በተባለ ነገር ላይ ማን ያጽናናዋል?

ዘፈኑን ካላገኘሁ እንቅልፍ የለም አልኩ። ያኔ መገናኛ ለባቡሩ ተቆፋፍሮ ነበር፤ በአቧራውና በግሬደሩ መሃል እየዘለልኩ ድሮ ካሴት ቤት የነበረች፣ አሁን ሞባይል ላይ ዘፈን የሚጫንባት ሱቅ ደረስኩ። ባለቤቱ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው።

«ካሴት?» አሉኝ። «እህቴ፣ ካሴት ሞቷል። ሰልስቱም ወጥቷል።»

የማን እንደሆነ ስነግራቸው ግን ቀና ብለው አዩኝ። አራት ዘፈኖች ስልኬ ላይ ጫኑልኝ፤ ሁሉም የታወቁት ናቸው። ቃል የሌለውን ጠየቅኳቸው።

«እሱን በዓይኔም በጆሮዬም አላውቀውም» አሉ። «ባለቤቱን ካልጠየቅሽ በቀር።»

«በሕይወት አለ እንዴ?»

«አለ፣ መኖር ከተባለ። ግራ ጎኑን ስትሮክ መታው፤ እጁ አይታዘዝም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ጫካው ውስጥ፣ ጠበሉ ጋ ቤት ተከራይቶ ይጠመቃል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ከዚህ ከእኛ ሰፈር ቀና ሲሉ ከሚታየው ተራራ ላይ! እኔ በዘመን ርቆብኝ ስናፍቀው፣ ሰውየው በሁለት ታክሲ የሚደረስበት ቦታ ፀሐይ ይሞቃል! ቤት በሩጫ ገብቼ ለአባቴ በሹክሹክታ ነገርኩት። የሚዘል መስሎኝ ነበር።

«አልሄድም» አለ።

«ለምን?»

«እኔ የማውቀው ሰው ጊታር በጀርባው አዙሮ ይመታ ነበር። እሱን ነው የማውቀው። እንዲያ ሆኖ ባየው ያኛውም ይጠፋብኛል።»

«ያኛውማ ጠፍቷል፣ እኔ አጥፍቼዋለሁ!» ብዬ ድምፄ ከፍ አለ። ያኔ እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች፤ እጇን በፎጣ እየጠረገች።

«የታመመ ሰው መጠየቅ ምክር ያስፈልገዋል እንዴ?» አለች።

አባቴ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ቁጥር ሁለት አንድ መደርደሪያ ላይ ምን ይሠራል ብላ የማትጠይቅ ሴት ያገባህ መሰለህ?»

«ታውቂ ነበር?» አለ አባቴ።

«ጫማችን ቅዳሜ ቅዳሜ ለምን እንደዚያ እንደሚያበራ አውቃለሁ። ባዶ እጃችሁን ደግሞ እንዳትሄዱ፤ ብርቱካን ያዙ።»

ያዝን። ከፈረንሳይ በኋላ መንገዱ በእግር ነው። ባሕር ዛፉ መሃል ቀጥ ያለ ዳገት፤ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ከላይ እየሮጡ ይወርዳሉ፣ እኛ ምንም ሳንሸከም እናለከልካለን። አባቴ ሦስት ጊዜ ቆመ። ሁለቱ ለትንፋሽ ነው። ሦስተኛው ላይ ፊቱን ወደ ታች ሲያዞር አየሁትና «ብርቱካኑ ከብዶህ ነው?» አልኩት። «ነይ ዝም ብለሽ» ብሎ ቀደመኝ።

ጠበል ቦታ ቆሜ አላውቅም ነበር። ነጠላ የተሸፋፈኑ ሰዎች በቢጫ ጀሪካን ጠበል ይዘው ይመላለሳሉ፤ ሁሉም ሲያዩን ጴንጤ መሆናችንን የሚያውቁብን ይመስለኛል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ጸጉርሽን» ብለው የራሳቸውን ሻሽ አስረው ሸፈኑልኝ። አባቴ ጫማ ይወልቅ አይወልቅ ግራ ገብቶት አንዱን አውልቆ አንዱን ሳያወልቅ ቆሞ ቀረ። ሴትዮዋን ስለ ጊታሪስቱ ጠየቅናቸው፤ የጭቃ ክፍሎቹ ጫፍ ላይ አመለከቱን።

እስከዚያች ቀን ድረስ «እሱ» ነበር የምለው፤ ሙዚቀኛ አንቱ አይባልም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁትን ሽማግሌ ሳይ ግን አፌ በራሱ ታረመ። ትንሽ ናቸው። ነጠላቸው ሰፍቷቸዋል። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሰው በአደራ እንዳስቀመጠባቸው ዕቃ ተቀምጧል። ያ ሁሉ ጩኸት ከየት ወጣ? አባቴ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሊስም ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«አያውቁኝም። ያኔ... እሑድ ከሰዓት እየመጣሁ የምሰማዎት ነኝ።»

«እሑድ ከሰዓት! ከፊት ነበርክ ከኋላ?»

«ከፊት። ድምፅ ማጉያው ሥር።»

«ታዲያ ጆሮህ እስካሁን ይሰማል?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው ሲስቁ ግማሽ ፊታቸው ብቻ ነው የሚስቀው። ብርቱካን ልጬ ሰጠኋቸው። አባቴ ስለ ዘፈኑ ጀመረ። «አንድ ቃል የሌለው ነበር፣ ጋሼ። ካሴቱን ማሽን በላብን...»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ። «መዝሙር ቀዳሁበት።»

ዞር ብለው አዩኝ። «መዝሙሩስ ጥሩ ነው?»

«ደህና ነው። ሶፕራኖዎቹ ይሮጣሉ።»

«ሁልጊዜ ይሮጣሉ!» አሉ በደስታ። ከዚያ ግን ግንባራቸውን አኮማተሩ። «ቃል የሌለው... ብዙ ነበር እኮ ልጄ። ዘፋኛችን ጉሮሮው ሲዘጋ ሻይ እስኪጠጣ የምንሞላበት ነበር። ስምም አንሰጠውም። የትኛው ይሆን?»

አባቴን አየሁት። ዕድሜ ልክህን ይዘህ የኖርከው ነገር ሌላ ሰው ሻይ እስኪጠጣ የተሞላ ነው ሲሉህ ምን ይባላል? አባቴ ግን አልተከፋም። ብርቱካኑን አስቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንጎራጎረ። ቤተ ክርስቲያን የማይዘምረው አባቴ፣ ጠበል ቦታ፣ በአንድ ጫማ! መጀመሪያ ድምፁ ተሰባበረ። ቀጠለ። እኔም ከሥር ገባሁለት፤ አልቶ አይደለሁ?

የሰውየው ቀኝ እጅ ጉልበታቸው ላይ መምታት ጀመረ። ቀስ፣ ከዚያ ፈጠን። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ግራ እጃቸውን አየሁት፤ አልተንቀሳቀሰም።

«ቆይ ቆይ» አሉ በድንገት። «እዚያ ጋ ተሳሳትክ። መጠምዘዣው ላይ እንዲያ አይልም።» ራሳቸው አሉት። የሳሳ፣ ትንፋሽ ያጠረው ድምፅ ነው፤ ሦስት አራት ኖታ ሄዶ በሳል ተቋረጠ። እንደገና አሉት። «በሉት እስቲ» አሉን፤ አልነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ መቅጃ አለው። አወጣሁት። ቀዩን ነጥብ ለመጫን ግን ጣቴ እምቢ አለኝ። የመጨረሻ ጊዜ እኔ ባለሁበት የመቅጃ ቁልፍ ሲጫኑ የሆነውን አውቃለኋ። ሌላ ጊዜ ስንመጣ ብዬ መልሼ ከተትኩት።

«አሁን አወቅኩት» አሉ ሲያበቃ። «ጥሩ ነገር ነበር ለካ።»

እንመለሳለን ብለን ወረድን። አባቴ ቁልቁለቱን ሙሉ እያንጎራጎረ፤ እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ከዚያ ክረምት ገባ፣ ዳገቱ ጭቃ ሆነ። ከዚያ ፈተና። ከዚያ የአባቴ ሥራ። በየሳምንቱ «የፊታችን ቅዳሜ» እንላለን። እሳቸው እዚያው ቅርባችን ናቸዋ፤ በመስኮት ተራራው ይታያል።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ታክሲው ውስጥ ራዲዮው «አንጋፋው ጊታሪስት» አለ። ቀጥሎ ዘፈን ለቀቁ፤ ከአራቱ አንዱን። ሹፌሩ ድምፁን ጨመረና «ምን የመሰለ ሰው ነበር» አለ። ነበር። ቦርሳዬን አቅፌ ቁጭ አልኩ። ወርጄ ለአባቴ ደወልኩ፤ ሰምቷል። «ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው» ብቻ አለኝ፤ ክፍል መቅረቴን እንኳ አልተቆጣም።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አባቴ ክንዴን ነካ አድርጎ «ያቸው» አለኝ። የአዳራሹ ሰዎች። ከበሮ ይመታ የነበረው ሁለት ሰው ደግፎት ይሄዳል። ዘፋኙ፣ ጉሮሮው ሲዘጋ ሻይ የሚጠጣው፣ ወፍራም መነጽር አድርጎ ሰው ሁሉ ሲጨብጠው የማንን እጅ እንደያዘ አያውቅም። አንዱ አፍሮውን አልተቆረጠም ነበር፤ በረዶ የመሰለ አፍሮ፣ ከጥቁር ኮት በላይ። አባቴ አንድ በአንድ አያቸው። እኔም ወደ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ልመልሳቸው እየሞከርኩ አየኋቸው፤ አልመለስ አሉኝ። አፈሩ ሲገባ ማንም ጊታር አልመታም፤ ማንም ያንን ዘፈን አያውቀውም። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ኋላ ቆመዋል፤ ከመካከላቸው አንዷ ሻሽ አስራለች።

ከአራት ኪሎ የመገናኛ ታክሲ ያዝን። እንግሊዝ ኤምባሲ ጋ ስንደርስ አባቴ በአፍንጫው ጀመረው፤ በጣም በቀስታ። እኔም ተከተልኩ። መጠምዘዣው ላይ ስንደርስ ተለያየን።

«ወደ ታች ነው» አለ።

«አባዬ፣ ወደ ላይ! ያረሙህ እኮ ወደ ላይ ብለው ነው።»

«ወደ ታች ነው ያረሙኝ። እኔ ነኝ ወደ ላይ ስል የነበርኩት።»

«አይደለም! እኔ አጠገብህ ነበርኩ፣ እንዲህ ነው ያሉት...» አልኩና አልኩለት። እሱ ራሱን ነቀነቀና የእሱን አለ። እውነት ለመናገር ሁለቱም ያምራል። ሁለቱም እሳቸውን ይመስላል።

ከፊታችን የተቀመጡ፣ ዘንቢል ያቀፉ ሴትዮ ዞሩ። «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

«ዜማ ነው፣ እትዬ» አለ አባቴ።

«ታዲያ ባለቤቱን አትጠይቁትም?»

እኔ መስኮቱን አየሁ። ሴትዮዋ የምንመጣው ከየት እንደሆነ አላወቁም፤ ጥፋትም የለባቸውም። ትንሽ ቆይቶ አባቴ በክርኑ ነካ አደረገኝ።

«እስቲ አንቺ እንዳልሽው እንበለው» አለ።

ከመጀመሪያው ጀመርነው። በእኔ መንገድ ወደ ላይ ወጣን። ከዚያ እንደገና ጀምረን በእሱ መንገድ ወደ ታች ወረድን። ሰፈራችንን ሲግናልን አልፈን መገናኛ ድረስ ሄድን፤ ማናችንም «ወራጅ አለ» አላልንም።